ቻርልስ ዳርዊንና የአርባ ዓመት የሆድ ሕመሙ

ስለ ሊቃውንት ሕይወት የሚጻፉ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚነግሩን ስለ ጭንቅላታቸው እንጂ ስለ ሆዳቸው አይደለም። ታላቁ ሰው መቼ ተወለደ፤ ምን መረመረ፤ ምን ጻፈ፤ በስንት ዓመቱ ሞተ የሚለውን እንማራለን። ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ሲገላበጥ ያድር እንደ ነበረ፤ ራት በበላ ቍጥር ያስመልሰው እንደ ነበረ፤ ስለ ጤናው እየሠጋ ከሐኪም ወደ ሐኪም ሲዞር እንደ ኖረ ግን የሚነግረን ጥቂት ነው። ዛሬ ልናነሣው ያሰብነው ሰው ቻርልስ ዳርዊን ነው። ስሙን ያልሰማ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አይገኝም። ስለ ትምህርቱም በየመኝታ ቤታችን እስከ እኩለ ሌሊት የሚደረገውን ክርክር ሁላችንም እናውቀዋለን። ያንን ክርክር ለሌላ ቀን እናቈየውና፤ ይህ ሰው ከዕድሜው ግማሽ በላይ ከገዛ ሆዱ ጋር ሲታገል እየኖረ ይህን ሁሉ ሥራ እንዴት ሊሠራ እንደ ቻለ እንመልከት። ይህንን ጉዳይ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ፈተና በተቃረበ ቍጥር ከመካከላችን ስንቱ ጨጓራውን ይዞ እንደሚጐብጥ፤ ስንቱም አንዲት ቍርጠት በተሰማችው ጊዜ የማይድን በሽታ ያዘኝ ብሎ እንደሚያድር የታወቀ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስልን።

ዳርዊን በ1809 ዓ.ም. በየካቲት ወር በእንግሊዝ አገር ሽሩስበሪ በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ ሮበርት ዳርዊን ስሙ የተጠራ ባለጸጋ ሐኪም ነበረ። እናቱ ሱዛና በ1817 በጽኑ የሆድ ሕመም ስትሞት ልጁ ገና 8 ዓመቱ ነበረ። አባቱ ልጁ የእርሱን ሙያ እንዲወርስ ፈልጎ በ1825 ወደ ኤዲንበርግ ላከው። በዚያን ጊዜ በሽተኛን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ገና አልተገኘም ነበርና ቀዶ ሕክምና የሚደረገው ሕመምተኛው እያየና እየጮኸ ነው። ወጣቱ ዳርዊን ሁለት ጊዜ ይህንኑ ለማየት ገባ፤ አንደኛው በሕፃን ላይ የሚደረግ ነበረ። ሁለቱንም ሳይጨርስ ሸሽቶ ወጣ፤ ከዚያም ወዲያ አልተመለሰም። ሕክምናውን ትቶ ወደ ኬምብሪጅ ሄደና በ1831 ትምህርቱን ጨረሰ።

በዚያው ዓመት ቢግል በተባለች የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መርከብ ዓለምን እንዲዞር ተጠራ። መርከቧ ለጕዞ እስክትዘጋጅ ድረስ በፕሊማውዝ ወደብ ሁለት ወር ያህል መጠበቅ ነበረበት። የጤና ሥጋቱን ነገር በግልጽ የምናገኘው ከዚህ ጀምሮ ነው። ልቡ ይመታበት ጀመር፤ ደረቱንም ይወጋው ነበረ። ከሕክምና ትምህርት ጥቂት የቀመሰ ወጣት እንደሚያደርገው ሁሉ እርሱም የልብ በሽታ እንደ ያዘው በራሱ ፈረደ። ወደ ሐኪም ግን አልሄደም። ሐኪሙ መሄድ አትችልም ይለኛል ብሎ ስለ ፈራ በሽታውን በሆዱ ይዞ ታኅሣሥ 27 ቀን 1831 መርከብ ላይ ወጣ። የሕክምና ተማሪዎች ጓደኞቻችን ይህንን ሲያነቡ ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም፤ በየሳምንቱ ከመጽሐፍ ያነበቡት በሽታ ሁሉ በራሳቸው ላይ የሚታያቸው ብዙዎች ናቸውና።

ጕዞው አምስት ዓመት ያህል ፈጀ። ዳርዊን በባሕር ላይ ሳለ ማዕበሉ ሆዱን እያናወጠው ክፉኛ ይሠቃይ ነበር፤ አንዳንድ ቀንም ከዘቢብ በቀር ሌላ ምግብ አልቀበል ይለዋል። በየብስ ላይ ሲወርድ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። በአርጀንቲና ሜዳ ከከብት ጠባቂዎች ጋር በፈረስ እየጋለበ፤ ሥጋ ብቻ እየበላ፤ በምድር ላይ እየተኛ ይሰነብታል። የአንዲስን ተራራ ተሻግሯል። በ1834 በቺሌ አንድ ወር ያህል ታሞ ተኝቷል። በመጋቢት 1835 ደግሞ በሜንዶዛ አጠገብ ቬንቹካ የሚባል ትኋን መሰል ትልቅ ጥቍር ተባይ ሌሊት እንደ ነከሰው በማስታወሻው ጽፏል። ይህችን ተባይ አንባቢ ያስታውሳት፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

በጥቅምት 1836 ወደ አገሩ ሲገባ የ27 ዓመት ጐልማሳ ነበረ። በሚከተለው ዓመት ለንደን ተቀምጦ እንስሳትና ዕፀዋት በዘመናት ብዛት እንዴት እየተለወጡ እንደሚሄዱ የሚያስብበትን የምሥጢር ደብተር ከፈተ። በዚያው ዓመት የልቡ ምት ተመለሰበት፤ ሐኪሞቹም ሥራውን ሁሉ ትቶ ወደ ገጠር እንዲወጣ አዘዙት። በጥር 1839 የአጎቱን ልጅ ኤማ ዌጅዉድን አገባ። በ1842 ከለንደን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኝ ዳውን በምትባል የገጠር መንደር ቤት ገዝተው ገቡ። ዳርዊን ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ሙሉ በዚያው ቤት ኖረ።

ለመሆኑ በሽታው ምን ነበረ? የሆድ መነፋት ዋነኛው ነው፤ ቀንም ሌሊትም አይተወውም ነበር። ከምግብ በኋላ ጥቂት ሰዓት ቈይቶ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ይመጣል። ራስ ምታት፤ የሰውነት መንቀጥቀጥ፤ የልብ ምት፤ በቈዳ ላይ የሚወጣ ችፌ፤ እንቅልፍ ማጣትና መዛል ይከተሉታል። ከሁሉ የሚገርመው ግን በሽታው የሚነሣበት ጊዜ ነው። ወዳጆቹ ለራት ከመጡና አንድ ሰዓት ያህል ሞቅ ያለ ጨዋታ ከተጫወተ ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥና ሲያስመልሰው ያድራል። በሊቃውንት ጉባኤ ላይ መናገር ቀርቶ መገኘቱም ያሳምመዋል። በኅዳር 1848 አባቱ ሲሞት እንኳ ሕመሙ ስለ ጠናበት ለቀብሩ በሰዓቱ ሊደርስ አልቻለም። ፊቱ ግን ቀይና ወዛም ስለ ነበረ ያየው ሁሉ ጤንነቱን ያደንቃል። እርሱም ሰዎች በሽታውን የማስመሰል አድርገው ያዩብኛል እያለ ያዝን ነበር። በሆድ ሕመም የተያዘ ሰው ሁሉ ይህንን ኀዘን ያውቀዋል፤ እጁ የተሰበረውን ሰው ሁሉ ያዝንለታል፤ ሆዱ የታመመውን ግን ሰነፍ ነው ይሉታል።

በመጋቢት 1849 ዳርዊን ቤተ ሰቡን ሁሉ ይዞ ሞልቨርን ወደ ተባለ ቦታ ሄደ። በዚያ ዶክተር ጋሊ የሚባል ሐኪም በሽተኞችን በቀዝቃዛ ውሃ ያክም ነበር። የእኛ ሰው ለጠበልና ለፍል ውሃ እንደሚሄድ ሁሉ በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ባላባትም ወደነዚህ የውሃ ቦታዎች ይጐርፍ ነበር፤ ልዩነቱ የሞልቨርኑ ስለ እምነት የማይናገር መሆኑ ነው። በማለዳ ቀስቅሰው በቀዝቃዛ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ቈዳው እስኪቀላ ያሹታል። እርጥብ አንሶላ ይጠቀልሉበታል። እግሩን በቀዝቃዛ ውሃ ይነክራል። በእግሩ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ስኳር፤ ቅቤ፤ ቅመማ ቅመምና የዓሣማ ሥጋ ተከለከለ። ዶክተሩ ከዚህም ሌላ ዳርዊን የሚስቅባቸውን አንዳንድ ነገሮች ያምን ነበር፤ የሚሰጠውንም ጥቃቅን ክኒን ዳርዊን ሳያምንበት ይውጠው ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ማስመለሱ ቀነሰ፤ ጕልበቱም ተመለሰ። ወደ ቤቱ ሲገባ በአትክልቱ ውስጥ ትንሽ ጐጆ አሠርቶ ከላይ ቀዝቃዛ ውሃ እንዲወርድበት አደረገ። በክረምት ብርድ ሳይቀር እዚያ ገብቶ እየተንቀጠቀጠ ይታጠብ ነበር።

በሐምሌ 1849 ዳርዊን አንድ ሌላ ነገር ጀመረ፤ ይኸውም የጤና መዝገብ ነው። በየቀኑና በየሌሊቱ ሆዱ ስንት ጊዜ እንደ ተነፋ፤ ሌሊቱ መልካም ይሁን ክፉ፤ ምን ዓይነት የውሃ ሕክምና እንዳደረገ ይጽፋል። መልካም ቀኖችን በምልክት እየለየ በየወሩ ይደምራቸዋል። በባሕር ድንጋይ ላይ ለሚጣበቁ ፍጥረታትና ለርግብ የሚያደርገውን ምርመራ በገዛ ሆዱ ላይ ማድረጉ ነበረ። ይህም መዝገብ ከአምስት ዓመት በላይ ቈየ። ነገር ግን የበሽታው ምክንያት ከዚያ ሁሉ ድምር ውስጥ አልወጣም። ሆዱን በየሰዓቱ የሚያዳምጥ ሰው ሆዱ ዝም እንደማይልለት የምናውቅ እናውቃለን። በጥር 1855 ዳርዊን መዝገቡን ዘጋው፤ ዳግመኛም አልከፈተውም።

በዚህ መካከል ትልቅ ኀዘን ደረሰበት። አኒ የምትባል እጅግ የሚወዳት ልጁ ሆዷን ትታመምና ትከሳ ጀመር። ዳርዊንም የእኔ ክፉ ሆድ ተላልፎባት ይሆናል ብሎ ሠጋ። እርሱ የዳነበት ቦታ እርሷንም ያድናት ይሆናል በማለት ወደ ሞልቨርን ወስዶ ለዶክተር ጋሊ ሰጣት። ሚያዝያ 23 ቀን 1851 አባቷ ከአልጋዋ አጠገብ ሳለ በ10 ዓመቷ ሞተች። ዛሬ ነገሩን የመረመሩ ሰዎች የሳንባ ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ከዚያ በኋላ የዳርዊን ሥጋት ከራሱ ወደ ልጆቹ ተሻገረ። ከአሥር ልጆቹ ሦስቱ በልጅነታቸው ሞቱበት፤ ከቀሩትም አንዱ ባሳለ ቍጥር የአጎቴን ልጅ በማግባቴ ይሆን? እያለ ራሱን ይከስስ ነበር። በ1870 ስለ ዘመድ ጋብቻ በሕዝብ ቈጠራው ላይ ጥያቄ እንዲጨመር በወዳጁ በኩል ፓርላማውን ጠየቀ፤ ፓርላማው አልተቀበለውም። እርሱ ግን ጥያቄውን ወደ አትክልት ቦታው ወሰደው። በራሳቸው ዘር የሚራቡ ዕፀዋትና ከሌላ ጋር የሚዳቀሉት እንዴት እንደሚለያዩ ለ11 ዓመት ያህል እየዘራና እየለካ ተመራመረና በ1876 ትልቅ መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። ሥጋቱን ወደ ሥራ መለወጥ ይችል እንደ ነበር ከዚህ ይታያል።

በእኛ ቋንቋ ሆድ የምግብ ማደሪያ ብቻ አይደለም፤ ምሥጢርም ቂምም ፍርሃትም የሚቀመጠው በሆድ ነው። ነገር በሆዱ ያዘ፤ ሆዱ ባባ፤ ሆድ ባሰው እንላለን። የዳርዊንን ታሪክ ለሚያነብ ኢትዮጵያዊ ይህ አነጋገር ሳይታወሰው አይቀርም። ዳርዊን በ1844 ስለ ፍጥረታት መለወጥ የሚያስበውን 230 ገጽ ያህል ጽፎ በጠረጴዛው ውስጥ ደበቀው። ድንገት ብሞት ብሎም 400 ፓውንድ አውጥታ እንድታሳትመው ለሚስቱ የኑዛዜ ደብዳቤ አኖረላት። ኤማ ሃይማኖቷን አጥብቃ የምትወድ ሴት ነበረች፤ ሐሳቡ እንደሚያሳዝናት ያውቅ ነበር። ወዳጆቹም ቀሳውስቱም ምን እንደሚሉት ያውቃል። ስለዚህ ነገሩን ሃያ ዓመት ያህል በሆዱ ይዞ፤ ከዚያም ውስጥ ስምንቱን ዓመት በባሕር ድንጋይ ላይ ስለሚጣበቁ ትንንሽ ፍጥረታት ሲጽፍ ቈየ። በሰኔ 1858 አልፍሬድ ዋላስ የሚባል ሌላ ተመራማሪ ከሩቅ ምሥራቅ ያንኑ ሐሳብ ጽፎ ላከለት። ሐምሌ 1 ቀን የሁለቱ ጽሑፍ በለንደን ጉባኤ ሲነበብ ዳርዊን አልተገኘም፤ ትንሹ ልጁ ከሦስት ቀን በፊት ሞቶበት ነበር። ከዚያ በኋላ እያመመው፤ አንድ ቀን ሠርቶ አንድ ቀን እየተኛ መጽሐፉን ጨረሰ። ኅዳር 24 ቀን 1859 የዝርያዎች አመጣጥ የተባለው መጽሐፉ ሲወጣ፤ የታተመውም 1,250 ቅጂ በመጻሕፍት ነጋዴዎች ሲሻማ፤ ደራሲው ኢልክሊ በተባለ ሌላ የውሃ ሕክምና ቦታ ሰውነቱ አብጦና ችፌ ወጥቶበት ተኝቶ ነበር። በሰኔ 1860 በኦክስፎርድ ስለ መጽሐፉ ያ የታወቀው ክርክር ሲደረግም እንዲሁ በውሃ ሕክምና ላይ ነበረ። ወዳጆቹ ተሟገቱለት፤ እርሱ ውጤቱን በደብዳቤ ሰማ።

ከ1863 እስከ 1865 ያለው ጊዜ ከሁሉ የከፋ ነበር። ለብዙ ወራት በየቀኑ ያስመልሰው ነበር። በ1865 ዶክተር ቻፕማን የተባለ ሐኪም በረዶ በከረጢት ተሞልቶ በቀን ብዙ ጊዜ በጀርባው አከርካሪ ላይ እንዲታሰር አዘዘ። ዳርዊን ታግሦ ሞከረው፤ ምንም አልረዳውምና ተወው። ቀደም ብሎም የኤሌክትሪክ ሕክምናን፤ ልዩ ልዩ ዱቄትንና የምግብ ዓይነትን ሞክሯል። በ1866 በለንደን በአንድ የሊቃውንት ግብዣ ላይ በብዙ ጊዜው ብቅ ሲል በሕመሙ ወራት ያሳደገው ጢም ደረቱን ሸፍኖት ስለ ነበር የቀድሞ ወዳጆቹ ሊያውቁት አልቻሉም።

እንግዲህ ይህ ሰው እንዴት ሠራ? መልሱ ቀላል ነው፤ ጤና እስኪያገኝ አልጠበቀም። ሆዱ በቀን ሦስት ሰዓት ያህል ሥራ እንደሚፈቅድለት ዐወቀና ሦስቱን ሰዓት ለማንም አልሰጠም። ማለዳ ጥቂት ይራመዳል። ቍርስ በልቶ ከ8 እስከ 9 ሰዓት ተኩል በፈረንጅ ሰዓት ይሠራል፤ ለእርሱ የሚሻለው ሰዓት ይህ ነበር። ደብዳቤ ሲነበብለት ያዳምጥና እንደ ገና እስከ ቀትር ይሠራል። ከዚያ በአትክልቱ ጫፍ ዛፍ ተክሎ ባሠራው የአሸዋ መንገድ ላይ ይዞራል። መዞሪያውን ላለመቍጠር ሲል በመንገዱ ዳር ድንጋይ ከምሮ በዞረ ቍጥር አንዱን በእግሩ ይገፋ ነበር። ከቀትር በኋላ ይተኛል፤ ኤማ ልብ ወለድ ታነብለታለች። ማታ ሁለቱ ባክጋሞን የተባለውን፤ እንደ ዳማ በሰሌዳ ላይ የሚጫወቱትን ጨዋታ ሁለት ጊዜ ይጫወታሉ። ውጤቱንም መዝግቦ ይይዝ ነበርና በ1876 እርሱ 2,795 ጊዜ፤ እርሷ 2,490 ጊዜ እንዳሸነፉ ለአንድ ወዳጁ በደስታ ጻፈ። የሆድ መነፋትን ከመቍጠር ይህን መቍጠር እንደሚሻል ማን ይጠራጠራል?

እውነቱን ለመናገር ዳርዊን ሀብታም ነበረ። ደመወዝ አይጠብቅም፤ አለቃ የለበትም፤ አገልጋዮች አሉት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኤማ ነበረችው፤ አሥር ልጅ የወለደችና ባሏን አርባ ዓመት ያስታመመች ሴት። ስሟ በመጽሐፎቹ ሽፋን ላይ የለም። የእርሱን ትዕግሥት ስናመሰግን የእርሷን ብንረሳ ፍርደ ገምድልነት ነው።

በመጨረሻዎቹ አሥር ዓመታት ሕመሙ እየቀለለት ሄደ። በ1875 ስለ ነፍሳት በል ዕፀዋት መጽሐፍ አሳተመ። ሥጋ፤ ወተትና የተቀቀለ እንቍላል በቅጠላቸው ላይ እያኖረ እንደ ጨጓራ በሚያጣጥል ፈሳሽ እንዴት እንደሚፈጩት አጥንቷል። የገዛ ሆዱ ያልቻለውን የዕፅ ቅጠል ሲችለው ማየቱ ሳያስቀው አልቀረም ብለን እናስባለን። በ1881 ያወጣው የመጨረሻው መጽሐፉ ስለ ምድር ትል ነው፤ እርሱም ትሎች አፈርን በሆዳቸው እያሳለፉ የገበሬውን መሬት እንደሚያለሰልሱ የሚገልጽ ነው። ሚያዝያ 19 ቀን 1882 በልብ በሽታ በ73 ዓመቱ ሞተ፤ በዌስትሚንስተርም ከነገሥታቱና ከሊቃውንቱ ጋር ተቀበረ። ሆዱ እንደሚገድለው የሠጋው ሰው ሆዱ ሳይገድለው 73 ዓመት ኖረ።

ከሞተም በኋላ ሐኪሞች አልተዉትም። በ1959 በኢየሩሳሌም የሚያስተምር ሳውል አድለር የተባለ የተባይ በሽታዎች ሊቅ፤ ያቺ የአርጀንቲና ተባይ የቻጋስን በሽታ አስተላልፋበት ይሆናል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሌሎች ግን የልብ ምቱ ከመርከብ ጕዞው በፊት መጀመሩን፤ በእርጅናውም ሕመሙ መቅለሉን እየጠቀሱ ተከራከሩት። አንዳንዶች በሽታው ከጭንቀትና ከደበቀው ሐሳብ የመጣ ነው አሉ። በ2005 ደግሞ ወተት የማይስማማው ሰው ሳይሆን አይቀርም የሚል ጽሑፍ ወጣ። እስከ ዛሬ ሁሉም የተስማሙበት መልስ የለም። ቢሆንም ሁሉን ነገር በጭንቀት ላይ መጣል እንደማይገባ ሌላ ታሪክ ያስተምረናል። የጨጓራ ቍስል የሐሳብ ብዛት ያመጣው ነው ሲባል ከኖረ በኋላ በ1980ዎቹ ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች፤ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን፤ አንዲት ባክቴሪያ ዋና ምክንያት መሆኗን አስረዱ፤ በ2005ም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ጭንቀት ሆድን እንደሚያውክ እውነት ነው፤ የታወከውን ሆድ ሁሉ ግን ጭንቀት ነው ብሎ ማሰናበት ስሕተት ነው።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን የምንለው ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው፤ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም። ዳርዊን በፕሊማውዝ ያደረገውን አናድርግ፤ ጨጓራው የሚያስቸግረው ሰው ፈተናው እስኪያልፍ ሳይጠብቅ ይታይ፤ ከታየና የሚያሠጋ ነገር አለመኖሩ ከተነገረው ደግሞ በየሌሊቱ ሆዱን ሲያዳምጥ አይደር። ሁለተኛው፤ ከጐናችን ባለው አልጋ ላይ ሆዱን ይዞ የተኛውን ጓደኛ አስመሳይ ነው አንበለው። ከዳርዊን የተጻፉና ለእርሱ የተጻፉ ደብዳቤዎች ተሰብስበው ከ15,000 በላይ ሆነዋል። በእነዚያ ሁሉ ገጾች መካከል ስለ ርግብ፤ ስለ ትልና ስለ ዕፅ ሲጽፍ ቈይቶ ዛሬ ሆዴ ክፉ ነውና በዚህ ላብቃ የሚል መልእክት ደጋግሞ እናገኛለን። በማግስቱ ደግሞ ያው እጅ ካቆመበት ይቀጥላል።